ደህናውን ታንከር የጠገንኩ ጊዜ

አራት ሺህ ሪያል ነው ነገሩ። አስቀድሜ እሱን ልንገራችሁ፤ እኔ ዋጋው ያልታወቀ ወሬ እንኳ አልሰማም። አራት ሺህ ሪያል። በእኛ ጊዜ ስል ደግሞ የጥንት እንዳይመስላችሁ፤ ይህቺ እዚህ ተቀምጣ ከወዲሁ የምትስቀው ወርቅነሽ ምስክሬ ናት፣ በእኛ ጊዜ ማለት ኳታር፣ ዶሃ፣ አል ዱሃይል ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ እኔ ዘበኛ፣ እሷ የሁለተኛው ቪላ የቤት ሠራተኛ የነበርንበት ጊዜ ማለት ነው። አትሳቂ አንቺ፣ ገና አልጀመርኩም!

ግቢው አራት ቪላ ነው። አራቱም የሚጠጡት ከአንድ ታንከር ነው፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ስፋቱ እኛ አገር ቢሆን ለባልና ሚስት ያከራዩት ነበር። ከዚያ ፓምፑ ውሃውን እየሳበ ጣሪያ ላይ ወዳሉት አራት ትናንሽ ታንከሮች ይሰዳል። የጣሪያው ሲጎድል ፓምፑ በራሱ ይነሳል፣ ሲሞላ በራሱ ይተኛል። ማንንም አይጠይቅም። ይህን ያዙልኝ፣ እኔ ያልያዝኩት እሱን ነውና።

ታዲያ አንድ ቀን ባባ፣ የግቢው ባለቤት፣ የውሃ ሂሳብ ወረቀት እያውለበለበ መጣ። ዐረብኛ በቁጣ ሲሆን እኔ አንድም ቃል አያመልጠኝም።

«ዓለሙ! ይህ ምንድን ነው? እኔ እዚህ ግቢ ዓሣ ነው የማረባው?»

«ምን ሆነ ባባ?»

«ታንከሩ ያፈሳል! ኩባንያ ጠየቅኩ፣ ዘጠኝ ሺህ አሉኝ! ዘጠኝ ሺህ ፍሉስ መሬት ውስጥ ልቅበር?»

ዘጠኝ ሺህ ሲል ጆሮዬ ቆመ። እና በዚያው ሰሞን ልጄ ከደብረ ብርሃን ደውላ ነበር፣ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ፣ ክርስትናው በአርባ ቀኑ ነው፣ አባዬ ካልመጣህ አላስነሣውም ብላኛለች። የመጀመሪያ የልጅ ልጄ! ለትኬት ሁለት ሺህ ሪያል አጠራቅሜያለሁ። ታዲያ በዚያ ላይ አራት ሺህ ቢጨመር፣ ለሕፃኑ የወርቅ መስቀል፣ ለእናቲቱ ሐብል፣ ለአማቼ ጫማ፣ ለአማቼ እናት፣ እሷ ትንሽ ትቆይ ብዬ፣ ሁሉንም በልቤ ገዝቼ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

«ባባ» አልኩት፣ «ዘጠኝ ሺህ ለምን? ለእኔ አራት ስጠኝ። ፈልጌ አገኘዋለሁ፣ እደፍነዋለሁ።»

«አንተ? ይህን ሹግል፣ ይህን ሥራ ታውቀዋለህ?»

«እንዴታ!»

የማውቀው ምንድን ነው? በወጣትነቴ አንድ ግንበኛ የውሃ ጉድጓድ ሲለስን ሲሚንቶ አቀብዬዋለሁ። እና ደግሞ ስልኬ ላይ አንድ ሕንዳዊ ታንከር ሲጠግን አይቻለሁ፣ ድምፁን ዘግቼ፣ የኢንተርኔት ጥቅሌ እንዳያልቅብኝ።

«ካላገኘኸውስ?» አለኝ ባባ።

«ካላገኘሁት ዕቃውም ጉልበቱም ከኔ ኪስ!»

«ኸላስ» አለና እጄን መታ።

እና ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው? ታንከሩ በእውነት ያፈሳል ወይስ አያፈስም የሚለውን መለየት ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ከውጭ የሚገባውን ትዘጋለህ፣ የሚወጣውን ትዘጋለህ፣ ውሃው የደረሰበትን ግድግዳው ላይ ታሰምራለህ፣ ትጠብቃለህ። ከመስመሩ ከወረደ ታንከሩ ቀዳዳ አለው። ሕፃን ይችለዋል። እኔ ግን ሕፃን አልነበርኩም፣ ስለዚህ አልቻልኩትም።

ዓርብ ጠዋት ተነሳሁ። ዓርብን የመረጥኩት እዚያ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ነው፤ የእኛም ቅዳሴ በዓርብ ነው፣ የቪላዎቹም ሰዎች ሁሉ ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ ቤት የሚቀሩት የአገራችን ልጆች፣ የቤት ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው። የታንከሩን ክዳን ከፈትኩ፣ የሚገባውን ውሃ ዘጋሁ፣ መስመሬን አሰመርኩ። ታዲያ ፓምፑንም ዘግቼ መጠበቅ ሲገባኝ፣ ሰው አክባሪ ነኝና፣ ልጆቹ ሳያውቁ ውሃ ቢቋረጥባቸው ነውር ነው አልኩ። በየበሩ ዞርኩ።

«እናንተ ልጆች፣ ቅዳሴ ደርሼ ስመለስ ፓምፑን አጠፋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ውሃ እንዳትነኩ!»

«እሺ ጋሼ!» አሉኝ። እንዴት ያለ ጨዋ እሺታ! እኔም ቅዳሴዬን አድርሼ መጣሁ፣ ፓምፑን ዘጋሁ፣ ማታ ክዳኑን ከፍቼ ባትሪ ሳበራ ምን ባይ ጥሩ ነው? ውሃው ከመስመሩ ስንዝር ሙሉ ወርዷል! ስንዝር! የታንከሩን ወርድና ቁመት አባዝቼ ሳየው ከሁለት ሺህ ሊትር በላይ። እና ታምኑኛላችሁ? ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ትልቅ ቀዳዳ ካለ በዓይን ይታያል፣ አራት ሺዋ ኪሴ ገባች አልኩ።

«ጋሼ ያን ዕለት እየዘፈንክ ነበር እኮ» አለች ይህቺ ወርቅነሽ።

አዎ ዘፍኛለሁ። አንቺ ደግሞ አጨብጭበሽልኛል፣ እሱንም እናወራዋለን።

ከዚያ ታንከሩን ባዶ አስደረግሁ። ሁለት ሠራተኛ ቀጠርኩ፤ አንዱ ከኔ ጋር ውስጥ፣ አንዱ ክዳኑ አፍ ላይ ገመድ ይዞ የሚቆም። በዚህ ላይ አልቆጠብኩም፤ የተዘጋ ታንከር ውስጥ አየር የለም፣ ሰው እየሳቀ ገብቶ ሬሳው ይወጣል፣ ስለዚህ ክዳኑን ከፍቼ በትልቅ ማራገቢያ አየር ሳልነዳ አልገባሁም። ስስት አለኝ፣ ግን ነፍሴንም እቆጥራታለሁ፣ አንድ ናት።

ገባሁ። እና ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው ምን ያያል? ቀዳዳ! ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አየሁና «ይኸውላችሁ!» ብዬ ጮህኩ፣ ድምፄ ታንከሩ ውስጥ ሦስቴ መለሰልኝ፣ እኔም ሦስት ሰው የመሰከረልኝ መሰለኝ። ሌላ ስንጥቅ አየሁ። ሌላ። ሁሉንም በመሮ ፈልፍዬ አሰፋሁ፣ ውሃ በማያሳልፍ ሲሚንቶ ሞላሁ፣ በላዩ ሙሉውን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ቀባሁ። እስኪደርቅ ድረስ ለቪላዎቹ በቦቴ ውሃ አስመጣሁ። የሲሚንቶው፣ የሠራተኞቹ፣ የቦቴው፣ ተደምሮ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሪያል። ከየት? ከትኬቷ ነዋ! ከየት ይመጣል! ሁለት መቶ ቀረችኝ። ምን ቸገረኝ፣ አራት ሺህ መንገድ ላይ ናት።

ታንከሩ ተሞላ። ባባ መጥቶ በክዳኑ አፍ አጎንብሶ አየ።

«ማሻአላህ፣ ያምራል። አሁን አያፈስም?»

«ዓርብ ፈትኜ አሳይሃለሁ!»

ዓርብ ደረሰ። አሰመርኩ፣ በየበሩ ዞሬ ተናገርኩ፣ ቅዳሴ ደርሼ መጣሁ፣ ፓምፑን ዘጋሁ፣ ማታ ከፈትኩ። ስንዝር ከአራት ጣት! እናንተዬ፣ ከጠገንኩት በኋላ ባሰበት! በሽተኛ አክሞ ለቀብር የሚያበቃ ሐኪም አይታችኋል? እኔ ነኝ።

ክዳኑ ላይ ቁጭ አልኩ። የልጅ ልጄ በጥምቀቱ ሲያለቅስ ይሰማኛል። እና እንዲያው ተቀምጬ ሳለ ወርቅነሽ ከሁለተኛው ቪላ ሳፋ ተሸክማ ወጣች፣ ግማሹን ለአሠሪዋ ለማዳም አበቦች አፈሰሰች፣ ተመለሰች፣ ሌላ ሳፋ አመጣች፣ አሁንም አፈሰሰች።

«አንቺ!» አልኳት፣ «ውሃ አትንኩ አላልኩም?»

«ኧረ ጋሼ፣ ከቧንቧ አይደለም! የጠዋቱ ነው እኮ።»

«የምን ጠዋት?»

«አንተ ይዘጋል ስትል ያጠራቀምነው ነዋ።»

«ምን ያህል ነው ያጠራቀማችሁት?»

«እኔማ ብዙም አይደለም፣ ሁለቱን የገላ መታጠቢያ ገንዳ፣ ባልዲዎቹን፣ ድስቶቹን፣ የበረዶ ሳጥኑን … ባለፈው በቦቴ ውሃ ተሰቃይተን ስለመረረን ዛሬ የልጆቹን መዋኛ ፕላስቲክም ሞላሁት። የአራተኛው ቪላ ልጅ ግን ከኔ ትብሳለች፣ ቆሻሻ መጣያውን አጥባ ሞልታዋለች።»

ገባችሁ? ውሃ ይዘጋል ሲባል አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ምን ታደርጋለች? ቆማ ትጸልያለች? ቤት ውስጥ ሆድ ያለውን ዕቃ ሁሉ ትሞላለች! እኔ አሰምሬ ቅዳሴ ስሄድ እነሱ ይቀዳሉ፣ የጣሪያው ይጎድላል፣ ፓምፑ ማንንም ሳይጠይቅ ከታች ይስባል፣ ስንዝሬ ተሟጠጠች። ማዳሞቹ የፊሊፒንስ ወይም የኬንያ ልጅ ቢቀጥሩ ኖሮ ታንከሩ አያፈስም ነበር።

«እናንተን ነው መድፈን የነበረብኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ይህ ዶሃ ነው፣ መርካቶ አይደለም! ለአንድ ቀን ውሃ እንዲህ ይኮናል?»

ወርቅነሽም ሳፋዋን አስቀምጣ «ይቅርታ ጋሼ» አለችና፣ አገጯን ወደ ክፍሌ ቀስራ፣ «ግን በክፍልህ መስኮት የሚታየው ምንድን ነው?» አለችኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። የኔ ክፍል። ጀሪካኖቼ ተሰልፈዋል፣ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተዋል። ቅዳሴ ከመሄዴ በፊት እኔው በእጄ ሞልቻቸዋለሁ! ዘጊው እኔ፣ ለመዘጋቱም የተሰናዳሁት እኔ! እጄ ራሴን ሳይጠይቅ ነው የሞላው፣ እንደ ፓምፑ።

በማግስቱ አፌን ዘግቼ፣ ለማንም ሳልናገር፣ መጀመሪያ ፓምፑን አጠፋሁ፣ ከዚያ አሰመርኩ። ማታ ሳይ መስመሩና ውሃው ተሳስመው ቀርተዋል። ታንከሩ ደህና ነው። ድሮም ደህና ነበር። እንግዲያው የባባ ውሃ የት ይሄዳል? ከታች ካልሆነ ከላይ ነው ብዬ ጣሪያ ወጣሁ። ሦስተኛው ቪላ ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር ውስጥ፣ ውሃ ሲሞላ ተንሳፍፎ ቧንቧውን የሚዘጋው ኳስ ተሰንጥቆ ውሃ ጠጥቶ ሰጥሟል። ስለዚህ ቧንቧው አይዘጋም፤ ውሃው ሞልቶ በትርፍ ማስወጫው ይፈሳል፣ ቀንና ሌሊት። ታዲያ ለምን አላየነውም? ትርፍ ማስወጫ እኮ የሚሠራው ሰው እንዲያይ ነው፤ ሲንጠባጠብ ‹ተበላሽቻለሁ› ማለቱ ነው። የዚህኛው አፍ ግን በሌላ ቱቦ ተቀጥሎ ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ ተሰዷል። አዲስ ኳስ በሠላሳ አምስት ሪያል ገዝቼ ገጠምኩ፣ ማስወጫውንም ቆርጬ በግላጭ እንዲወርድ አደረግሁ፣ ባባን ጠራሁ።

«አገኘሁት ባባ! አራት ሺዬን!»

ኳሷን በእጁ አገላበጣት። «ይህቺን? ስንት ነው ይህ?»

«ሠላሳ አምስት።»

«ለሠላሳ አምስት ሪያል ኳስ አራት ሺህ? ታንከሩስ ያፈስ ነበር?»

«አያፈስም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠገንከው?»

«ባባ፣ ያልታመመ ሰው ክትባት አይወጋም? ከእንግዲህ እድሜ ልኩን አያፈስም!»

«ክትባት በአራት ሺህ? አልፈልግም። ይልቅ ይህን ቱቦ ፍሳሽ ውስጥ የደበቀው የትኛው አህያ ነው?»

የልጅ ልጄ ትዝ አለኝና ደፍሬ «አንተ ነህ ባባ፣ መኪናዬ ላይ ተንጠባጠበ ብለህ ያስቀጠልከው» አልኩት። ተመለከተኝ። ቱቦውን ተመለከተ። መኪናውን ተመለከተ። እና እንዲህ ያለ ሳቅ ሳቀ፣ ጣሪያው ላይ ያሉት ርግቦች ተነሱ። ከኪሱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ቆጥሮ ሰጠኝና «የአህያው ድርሻ ነው» አለ፣ «ያላ፣ ውረድ።»

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። ወጪ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ አምስት፣ ገቢ አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ ኪሳራ ሦስት መቶ ሠላሳ አምስት። ባባ ደግሞ ኩባንያው ከጠየቀው ሰባት ሺህ አምስት መቶ አተረፈ፣ በነፃ የተቀባ ታንከርም አለው። ለኔ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ አምስት ቀረችኝ። ትኬት ቢሮ ስሄድ ከነሻንጣው አይበቃም፣ ያለ ሻንጣ ግን ይበቃል አሉኝ። ስለዚህ ከዐረብ አገር በፌስታል የገባ የመጀመሪያው አያት ሆንኩ። ልጄ በር ላይ አንገቴን አቅፋ ከጀርባዬ ትፈልጋለች፣ አማቼም ወደ ታክሲው ይሮጣል።

«አባዬ፣ ሻንጣው የት አለ?»

«ዱሃይል ግድግዳ ላይ ቀባሁት» አልኳት።

ልጁን ግን በክንዴ ይዤ ለክርስትናው አደረስኩት። ስንት አወጣህ አትበሉኝ፣ እሱን ብቻ አልቆጠርኩትም።