የተከራዬ ሽማግሌዎች

መሐል ሜዳ ከተማ፣ ጓሮዬ ካሉት ሦስት ክፍሎች አንዷን የተከራየኝ የሒሳብ መምህር ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ልጄ አሰለፈች በደጁ ስታልፍ እንኳ ቀና ብሎ አያያትም። እኔ ታዲያ ይህን ማቀርቀሩን በሌላ ነበር የተረጎምኩት። ያም ቢሆን ገና ለገና አማች ይሆናል ተብሎ ኪራይ አይተውም። አንድ ቀን «ከመጪው ወር ጀምሮ ስድሳው ብር ሰማንያ ሆኗል» አልኩት። «እሺ ጋሼ» ብሎኝ ገባ።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው በሬ ላይ ቆሙ። ከፊት ያሉት የነፍስ አባቴ ናቸው። «ግቡና ተቀመጡ እንጂ አባ» ብላቸው፣ «መምህሩ ልኮን ነው የመጣነው፤ እሺ ካላልከን አንቀመጥም» አሉኝ። በእኛ አገር እንዲህ ብሎ የሚቆም ሽማግሌ ልጅ ጠያቂ ነው። ደስታዬ አላስጨረሳቸውም። «እርስዎ ቆመው ለምነውኝ እምቢ ልል? የጠየቃችሁትን ሁሉ ፈቅጃለሁ!» አልኩ። ሚስቴም ከጓዳ እልልታዋን ለቀቀችው።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ተቀመጡ። አባም መስቀላቸውን አውጥተው ባረኩኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልን። የልጁ ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ኪራዩን በነበረበት ስለተውክለት ዋጋህን በሰማይ ያቆይልህ» አሉ። «የለም አባ፣ እኔ የመሰለኝ…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። የመሰለኝን በምን አፌ ልናገር? ጠላው ተቀዳ፣ ተጠጣ፣ ተመረቅን።

ኪራዩ ባለበት ቀረ። ልጄም ባለችበት።