ለአያትነት ቦታ መያዝ

አክስቴ ኦይኒሶን ያገኘኋቸው እሑድ ገበያ፣ ዳቦ ስገዛ ነው። የሥጋ አክስቴ አይደሉም፤ በከተማችን በማርጊላን ግን ትልቅ ሴትን በስሟ ብቻ የምትጠራ ልጅ ባል አታገኝም ይላሉ። ባል ባልፈልግም አክስቴ እላቸዋለሁ።

ሥራዬ በትንሽ ሱቄ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ ነው። ደንቡን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ አንብቤ ነው የገባኝ። ስለዚህም እያወቅሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ኢስታንቡል የተዳረች ልጃቸው ማሕሊዮ ነፍሰ ጡር ናትና መቼ እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው። በእኛ ዘንድ ለበኩር ልጅ የሚወዘወዘውን የእንጨት አልጋ ይዛ የምትመጣው የእናቲቱ እናት ናት። ሕፃኑን በተወለደ በአርባ ቀኑ ውስጥ በእጇ አልጋው ላይ ካላስተኛችው አማቶች ዕድሜ ልክ ያወሩታል።

ግራ ቀኙን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አፍሽን ዝጊ አንቺ። ገና በሆድ ላለ ልጅ ማን ይሰናዳል? ክፉ ዓይን መጥራት ነው። ሲወለድ ያን ዕለት ትቆርጪልኛለሽ።»

«ያን ዕለት ቦታ ከየት ላምጣ? በበጋ አገሩ ሁሉ ነው የሚሄደው።»

«አንዲት አሮጊት የምታክል ቦታ አትጠፋም።»

«አሮጊቷስ ትቀመጥ፤ አልጋውን የት ላድርገው? ጭንዎ ላይ?»

ሳቁ፤ ግን አልተረቱም። እናታቸውም አያታቸውም ልጅ ሳይወለድ ክር እንኳ እንዳልገዙ፣ የዛሬ ልጆች ሁሉን በወረቀት ማሰር እንደምንወድ፣ አላህ ግን የእኛን ወረቀት እንደማይጠብቅ አስረዱኝ። እኔም የእናታቸው ልጆች የተዳሩት እዚያው ሰፈር ስለነበር አልጋው በትከሻ ይደርስ እንደነበር፣ ባሕር ማዶ የዳረ ሰው ግን በጎረቤት ልማድ እንደማይደርስ ነገርኋቸው።

«ዓይንም ካሉ» አልሁ፣ «ልጁ ተወልዶ ትኬት ጠፍቶ ሲሯሯጡ ሰፈሩ በሙሉ በር ላይ ወጥቶ አያይዎትም? ዛሬ በጸጥታ ቢይዙት ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ። የአንቺ ምላስ ደግሞ ከዓይን ይብሳል።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ደግሞስ… እንደ ዓምናው ቢሆንብኝስ?» አሉ።

ማሕሊዮ ዓምና ፅንስ ጨንግፎባት ነበር። ፍርሃታቸው የልማድ ብቻ አለመሆኑ ያኔ ገባኝና ምላሴን ሰበሰብሁ። ቀኑ የሚለወጥ ትኬት እንዳለ፣ አልጋውንም አሁን መግዛት እንደማያስፈልግ፣ ለጭነቱ ቦታ ማስያዙ ብቻ እንደሚበቃ በቀስታ ነገርኋቸው።

«የምንይዘው የልጁን ነገር አይደለም፤ የእርስዎን መንገድ ነው። ክፉ ቢመጣ እንኳ፣ አይምጣ እንጂ፣ ማሕሊዮ ያኔም እናቷን ትሻለች።»

አክስቴ ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ዳቦአቸውን አሸከሙኝና «ሱቅሽን ክፈቺ» አሉኝ።

ቀድመን ባንነሳ ኖሮ ፓስፖርታቸው ጊዜው ማለፉን የምናውቀው አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ነበር፤ በጊዜ አሳደሱት። ሕፃኗ ቸኩላ መጣች፤ የትኬቱን ቀን አስቀደምነው። አልጋውን በተወለደች በማግስቱ ከገበያ ገዙ፤ ሌላው ለቦታ ሲጋፋ እርሳቸው ተረጋግተው ሄዱ። በአርባው ውስጥ የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው አስተኙ። አማቶችም የሚያወሩት አጡ።

ቀድሞ መሰናዳት ከፈጣሪ ጋር መሽቀዳደም አይደለም። ገንዘብን ከብክነት፣ ልብን ከጭንቅ ያድናል፤ እናትን በሰዓቷ ከልጇ ዘንድ ያደርሳል። ዛሬ የሰፈራችን እናቶች ገና በክረምት ወደ ሱቄ ብቅ ይላሉ። ለምን እንደሚሄዱ አይነግሩኝም፤ እኔም አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አልጋ አለ?