ዝናብ ውስጥ ያቆምኩት ሰውዬ

በየጠዋቱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ለሥራ ስወርድ ሚኒባሱ ውስጥ ደብተሬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ አንድ ሰውዬ እስላለሁ። ሁልጊዜ ያው ሰውዬ ነው፤ በቀን አንዴ። አጭር ነው፣ ኮቱ ይሰፋዋል። ኮቱ በአንድ ቀን መጣልኝ፤ ፊቱን ለማግኘት ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። ታዲያ ኮምቦልቻ ሱቅ ያላቸው ሸህ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ብዙ ጊዜ አጠገቤ ነው የሚቀመጡት። አንድ ቀን ደብተሩን አዩና «ልጄ፣ ነፍስ ያለው ነገር ባትስዪ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ለምን አባባ?» አልኳቸው። «በቂያማ ቀን አላህ ፊት ቆመሽ፣ የሳልሽው ላይ ነፍስ ዝሪበት ትባያለሽ፤ አትችዪም።» «በእርሳስ የተጫረ እኮ ነው» ብላቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እኔም መሳሌን አልተውኩም፣ እሳቸውም ቦታ አልቀየሩም። ክረምት ሲገባ ዝናብ መሳል ጀመርኩ፤ መስመር ብቻ ስለሆነ አያደክምም። ሰውዬውን ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ውስጥ አቆምኩት። በአራተኛው ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ስንጀምር ሸህ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዛሬም ውጭ ነው?» አሉኝ፣ ደብተሩን ሳያዩ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። ትናንት ከዙህር ሶላት ስወጣ ዝናብ ያዘኝና፣ ወላሂ፣ እሱ ትዝ አለኝ። ምናለ ዣንጥላ ብትሰጪው?»

ዣንጥላ ሳልኩለት። በቂያማ ቀን ከተጠየቅኩ ግን፣ ነፍሱን የዘሩበት ሸህ ይማም ናቸው እላለሁ።