የአስኳሉ በረኛ

ወደ አንኮበር በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ አንድ ቄስና ለዕረፍት የመጣ ተማሪ ልጃቸው ተቀምጠዋል።

«ከእንግዲህ አዲስ አበባ አትመለስም። ሚስት ታገባለህ፣ ትቀስሳለህ!»

«ትምህርቴስ፣ አባባ?»

«ለመሆኑ ሦስት ዓመት ምን ተማርክ?»

«ገላችን በዓይን ከማይታዩ ሕዋሶች የተሠራ ነው። በየሕዋሱ ውስጥ አስኳል አለ፤ እኔ የማጠናው የአስኳሉን በር ነው።»

«በሩ ምን ይመስላል?»

«ስምንት የፕሮቲን ክምር ክብ ሠርቶ የቆመበት ነው።»

«እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ስምንት ማዕዘን በለኛ! በረኛውስ ማነው? መቅደስ ሁሉም ዘው አይልበትም።»

«ማን እንዴት መርጦ እንደሚያሳልፍ ገና በውል አልታወቀም።»

«ሦስት ዓመት በር ላይ ቆመህ በረኛውን አታውቀውም?»

«አስተማሪዎቻችንም አያውቁትም።»

«ጉድ ፈላ! መቅደሱን ክፍት ጥላችሁ ነው የመጣችሁት? ሹፌር፣ አቁምልኝ! ይሄ ልጅ ይመለሳል። በረኛውን ሳታገኝ ቤቴ እንዳትደርስ!»

እኔም ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።