ውሃውን እንደ ቅርጫ

ከቡታጅራ ወደ መስቃን ገጠር ለቅሶ ለመድረስ ጋሪ ተሳፍሬ ነበር። ሳላስበው ከጎኔ አቶ ሸምሶ፣ ከፊታችን ደግሞ የጎረቤታቸው የወይዘሮ ባሂራ ልጅ ሳሌሃ ተቀመጡ። አቶ ሸምሶ የመንደሩ የመስኖ ውሃ ዳኛ ናቸው፤ ሳሌሃ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ትማራለች። ፈረሱ እንቅልፍ የያዘው ይመስል ዝግ ብሎ ይራመዳል፤ ደመናውም አብሮን የሚጓዝ መሰለኝ። ደስ የሚል ድብታ ተጫጫነኝ።

«አባባ፣ ዛሬ በስብሰባው የውሃውን ተራ ያጸናሉ አሉ» አለች ሳሌሃ።

«ኢንሻአላህ። ከላይ ያለው ማሳ ጠጥቶ ሲጠግብ ወደ ታች ይለቀቃል። አባቶቻችን ያቆዩት ነው።»

«የእርስዎ ማሳ ከላይ ነው። የእናቴ በርበሬ ግን ከታች ሆኖ ሁለት ዓመት ደረቀ። ዘንድሮም ከደረቀ ትምህርቴን አቋርጬ መመለሴ ነው።»

መምህር ነኝና አንጀቴን በላችው።

«አንድ አሜሪካዊ ፈላስፋ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ያለውን ልንገርዎ?» ስትል ቀጠለች። «ሕግ የሚያወጣ ሰው፣ ማን ሆኖ እንደሚኖርበት ሳያውቅ ያውጣ ይላል። ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ማሳው ከላይ ይሁን ከታች፣ በመጋረጃ ተጋርዶበት።»

አቶ ሸምሶ ከት ብለው ሳቁ። «አንቺ ልጅ! ሸምሶ መሆኔን ከረሳሁ ምን ቀረልኝ? አባቱንና ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው እንኳን ሊዳኝ ቤቱንም አያገኝም። የፈረንጅ ሕልም ነው።»

እውነቱን ለመናገር፣ ፈላስፋው ላይ እኔም ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው፤ ሳሌሃ ግን አልተበገረችም።

«ሕልም ይሁን። ለአረፋ በሬ ሲታረድ ቅርጫውን የሚመድበው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ።»

«አኩርፎ የሄደ ሰው አለ?»

«ወላሂ አንድም! ዕጣ ሳይወጣ የትኛው መደብ የእኔ እንደሚሆን በምን አውቄ አዳላለሁ? ጉበቱን፣ ቅልጥሙን ሁሉ እኩል...» ብለው ሳይጨርሱ ሳሌሃን አዩዋት።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሪው የመስኖውን ቦይ ተከትሎ ማዝገም እስኪጀምር ድረስ አንቀላፉ።

«መምህር፣ ከታች ነበርኩ» አሉኝ ሲነቁ። «በባሂራ ማሳ ላይ ቆሜ ውሃ እጠብቃለሁ። ከላይ አንድ ሽማግሌ ይታየኛል፤ እኔው ነኝ። ብጣራ ብጣራ አልሰማኝም።»

ከለቅሶው መልስ ስብሰባው ላይ ደረስኩ። «ሰዓቱ መጀመሪያ እኩል ይመደብ፤ ከዚያ ተራው በዕጣ ይያዝ» አሉ አቶ ሸምሶ። የላይ ማሳ ባለቤቶቹ አጉረመረሙ። እሳቸውም «እኔስ ከላይ አይደለሁም?» አሏቸው። ዕጣው ሲወጣ ለእሳቸው የመጨረሻው ደረሳቸው። ሰው ሁሉ ፊታቸውን አየ።

«እሰይ!» አሉ። «መጨረሻ ደርሶኝ ካልቆጨኝ፣ እኩል መመደቤን አሁን አወቅሁ።»

በዚያ ዓመት የባሂራ በርበሬ ቀላ፤ ሳሌሃም ትምህርቷን አላቋረጠችም። የላይኞቹም ተጠቀሙ፤ ሳይመጥኑ እያጠጡ የበርበሬያቸውን ሥር ማበስበሳቸው ቀረ። ሰው ማንነቱን መርሳት እንደማይችል ዛሬም አምናለሁ፤ ለአንድ አፍታ በሌላው ማሳ ላይ መቆም ግን ይችላል።

ለአቶ ሸምሶ ግን አንድ ነገር አልተዋጠላቸውም። ሳሌሃ ለእረፍት ስትመጣ ጠየቋት።

«ለመሆኑ ያ ፈላስፋሽ ቅርጫ ገብቶ ያውቃል?»

«አይመስለኝም አባባ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ከየት አገኘው?»