ብናኝ በዘንቢል

ልብስ ሰፊው በማለዳ ከቤት ሲወጡ ማንም እንዲያያቸው አልፈለጉም። በዘንቢል የያዙት ብናኝ የተባለውን የሚስታቸውን ትንሽ ውሻ ነው፤ ሳትነቃ ከከተማ ውጪ ሊጥሉት ቆርጠዋል። ግን ምን ያደርጋል፣ መታጠፊያው ላይ የእንስሳት ሐኪም ከሆነችው የእህታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

“እንደምን አደሩ አጎቴ? ብናኝን አሞት ነው?”

“እሱስ ደህና ነው፤ ያሳመመው እኔን ነው” አሉ፣ ዘንቢሉን ከእጅ ወደ እጅ እያዛወሩ። “እንዲረጋ ብዬ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው ሥር አስረዋለሁ፤ እሱ ግን ሱሪዬን ይዞ ይጎትታል። ትናንትማ የደንበኛ ኮት ዘነጣጠለ። ክፉ አውሬ ነው።”

“እዚያው ፔዳሉ አጠገብ ነው የሚያስሩት?”

“ታዲያ የት ልሰረው?”

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አደረገች። “ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ብናኝ ቴሪየር ከሚባሉት ውሾች ዘር ነው። ገበሬዎች ያራቧቸው አይጥና ቀበሮ ከጉድጓድ እንዲያወጡላቸው ነው። ጨለማ ውስጥ ሽው የሚል ነገር ካዩ ደማቸው ይፈላል። እርስዎ ደግሞ አፍንጫው ሥር ፔዳል ሲያወዛውዙ ይውላሉ።”

“እና ለውሻ ብዬ ስፌት ልተው?”

“ኧረ በፍጹም። ከሥራ በፊት በደንብ ያንሸራሽሩት። ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይደብቁና ፈልጎ ያምጣልዎት። ፀጉሩ ሸካራ ስለሆነ እንዳይቋጠር ያበጥሩት። ዱላ አያንሱበት፤ ደፋር ነው፣ እልኸኛ ይሆናል እንጂ አይማርም።”

ልብስ ሰፊው አልተዋጠላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ያዩት ውሻ ታስሮ ሲያድግ ነው። በዚህ ዕድሜ ውሻ ተከትሎ መሮጥ ደግሞ የሰፈር መሳቂያ መሆን መሰላቸው።

“አጎቴ፣ አምና ልጆችዎ ‘ይረፉ’ ብለው ሱቁን ሲያዘጉዎት እንዴት ሆነው ነበር?”

ሽማግሌው ትዝ አላቸው። ያን ሰሞን ከወንበር ወንበር ሲቀያየሩ፣ ሚስታቸውን በነገር ሲጠዘጥዙ፣ ደህናውን የበር እጀታ ሲፈቱና ሲገጥሙ ነበር የከረሙት። ታዲያ እሳቸውን በዘንቢል ከቶ የጣላቸው አልነበረም።

“ሥራ ስፈታ ሰው ጠላሁ” አሉ ቀስ ብለው።

“እሱም ሥራ ፈቶ ነው። ሥራ ይስጡትና ኮቱም ይተርፋል፣ የእርስዎም ጉልበት ይፍታታል፣ አክስቴም አታለቅስም።”

ሰው ተፈጥሮውን ያላወቀውን ፍጡር ክፉ ብሎ መገላገል ይቀለዋል፤ ልብስ ሰፊው ግን ዘንቢሉን አስቀምጠው ብናኝን አወጡት። ውሻው ማሰሪያውን እየጎተተ ወደ ቤት አስሮጣቸው።

ሚስታቸው ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ደጅ ቆማ፣ ዓይኗ ቀልቶ ጠበቀቻቸው።

“አንተ ሰውዬ፣ የት ወስደኸው ነው?”

“ላንሸራሽረው” አሉ።

ያን ቀን ውሸት ነበር፤ ከማግስቱ ጀምሮ ግን እውነት ሆነ።