ለሌላው የፈቀዱት ምግብ

ሑዳዴ ሊጋመስ ሲል፣ በአንድ ረፋድ፣ ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቄስ በእኔና በአንዲት ሴት መካከል ተቀምጠዋል። ሁለቱም ከስኳር ክትትላቸው መመለሳቸው ነው።

«ሐኪሞቹ ምን አሉዎት አባ?» አለች ሴትዮዋ።

«ምን ይሉኛል ልጄ፤ ስኳሩ አልወርድ ብሏል አሉኝ።»

«ክኒኑን አይወስዱም እንዴ?»

«ጾም ሲፈታ እወስዳለሁ።»

«እስከ ፋሲካ?»

«ጠዋት ከምግብ ጋር ዋጥ ነው የሚሉኝ። በሑዳዴ ጠዋት ምን ምግብ አለ?»

«እኔም እንደዚያው ስል ነበር። ኋላ የንስሐ አባቴ ተቆጡኝ። ‹በልተሽ ዋጪ፤ እግዚአብሔር ሬሳሽን አልጠየቀሽም› አሉኝ።»

«ደግ ብለዋል። እኔም የንስሐ ልጆቼን እንደዚያው ነው የምላቸው።»

«ታዲያ ለራስዎስ?»

«ቄስ ራሱን አይፈታም። የእኔን ንስሐ አባት አምና ቀበርናቸው።»

«ሌላ ይያዙ እንጂ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ያስቆጠርኩት ልጅ ፊት ቆሜ ‹ልብላ ወይ?› ልበል? ደከመኝ ልጄ።»

«እግርዎ ምን ሆኖ ነው በፋሻ የተጠቀለለው?»

«ጫማ ልጦኝ ነው። ከጥምቀት ጀምሮ አልድን አለኝ።»

ሴትዮዋ ከፌስታሏ ዳቦ አውጥታ ዘረጋችላቸው።

«እባክዎ አባ። የእኔ ንስሐ አባት ፈቅደዋል።»

«ላንቺ ነው የፈቀዱት።»

ዳቦውን ተቀበሏት፤ ባርከው መለሱላት።

«በይ ብዪ፤ ክኒንሽ እንዳያልፍሽ።»

ያንን የተጠቀለለ እግር እንዳልነካባቸው፣ እስከ ቢቸና ድረስ እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።